የአባተ ለቅሶ

ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ የቅሬው፣ የሰፈሩ ዕድር፣ ድንኳን ንግሥቴ ግቢ ውስጥ ሲተከል፣ የሚለቀስለት ሰውዬ አሶሳ ላይ ምናልባት ቁርሱን እየበላ ነበር። ይህን ከንግሥቴ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። ጎረምሶቹ የድንኳኑን ብረት ከጋሪ ላይ ያወርዳሉ፣ ሌሎቹ አግዳሚ ወንበር ይደረድራሉ፣ የቅሬው ሰብሳቢ አቶ ይማም ደግሞ ከዘራቸውን ብብታቸው ሥር ሸጉጠው "ወደ አጥሩ ጠጋ፣ ወደ አጥሩ ጠጋ አድርጉት" ይላሉ። ንግሥቴ በረንዳው ላይ ጥቁር ሻሽ አስራ ቆማለች። ሻሹን ያሰረችው ከሩብ ሰዓት በፊት፣ ጋሪው በር ላይ ሲደርስ ነው። መስተዋት ፊት ቆማ ስታስረው ሁለት ጊዜ ፈትታዋለች፤ ዓይኗን በጨው ታጥባ መውጣቱ ግን አላቃታትም። ለሚመጣው ሁሉ አንገቷን ሰበር እያደረገች "እግዜር ይስጥልን" ትላለች።

ነገሩ የጀመረው ረቡዕ ዕለት ነው። ታላቅ እህቷ ወለተ ሥላሴ ፀሐይ ልትሞቅ ጓሮ ወጥታ፣ ሻሿን ፈትታ ራሷን ለብ ባለ ውኃ ስትታጠብ፣ የአቶ ይማም ሚስት ረምዚያ ወንፊት ልትዋስ በጓሮ በር ዘው አለች። ወለተ ሥላሴ ራስ ላይ አንድ ፀጉር የለም። ረምዚያ ክው ብላ ቀረችና ንግሥቴን ወደ ጥግ ስባ፣ ማን ሞቶባችሁ ነው እንዲህ የተላጩት ብላ ጠየቀቻት። በዚህ አገር ትልቅ ሴት ራሷን ተላጭታ ከታየች የቅርብ ሰው ሞቶባታል ማለት ነው፤ ሌላ ነገር ማንም አያስብም። ንግሥቴ ያኔውኑ እውነቱን ተናግራ ብትገላገል ድንኳን የሚባል ነገር ባልመጣ። ምላሷ ቀደማት። "ወንድማችን ነው። አባተ" አለች። ለምን አባተን እንደመረጠች ራሷም አታውቅም፤ ሩቅ አገር ስለሚኖር፣ እዚህ መካነ ሰላም ውስጥ የሚያውቀው ሰው ስለሌለ፣ በዓመት አንዴ ለፋሲካ ካልሆነ ስለማይደውል ይሆናል። እስላሙም ክርስቲያኑም አንድ ላይ በሚቀባበርበት በሰፈሩ ቅሬ ደንብ ደግሞ፣ ሐዘን ደብቆ የያዘ አባል ጎረቤቱን እንደናቀ ይቆጠራል። ረምዚያ ለባሏ ነገረች፤ ባሏ ለቅሬው ነገሩ፤ ቅሬው "እንዴት ብቻዋን ታለቅሳለች" አለና ቅዳሜን ቆረጠ።

እውነቱ የጡት ካንሰር ነው። ወለተ ሥላሴ ከአቀስታ ገጠር መጥታ እህቷ ዘንድ ካረፈች አራተኛ ወሯን ይዛለች። በየሃያ አንድ ቀኑ ደሴ ድረስ እየተወሰደች በደም ሥሯ መድኃኒት ይሰጣታል፤ ሦስተኛውን ዙር ከወሰደች ዛሬ ዐሥረኛ ቀኗ ነው። መድኃኒቱን የምትሰጣት ነርስ፣ ሲስተር ብርሀንነሽ፣ በመጀመሪያው ቀን ሁለቱንም አስቀምጣ በትዕግሥት አስረድታቸው ነበር። መድኃኒቱ ፊት አይቶ አይለይም፣ ቶሎ ቶሎ የሚባዛውን ሁሉ ነው የሚመታው አለቻቸው። ካንሰሩ ቶሎ ይባዛል፤ ነገር ግን የፀጉር ሥርም፣ የአፍና የአንጀት ሽፋንም፣ መቅኒ ውስጥ ያለው የደም መሥሪያም ቶሎ የሚባዙ ናቸውና አብረው ይመታሉ። ፀጉሩ ይረግፋል፣ ሲያበቃ ይመለሳል። አፏ ሲቆስል በጨውና በሶዳ ውኃ ትጉመጥመጥ። ማስመለሱን ኪኒኑ ይይዝላታል፣ ሳይብስባት ቀደም ብላ ትዋጠው። ከቀዩ መድኃኒት በኋላ ሽንቷ ቢቀላ አትደንግጡ፣ ቀለሙ ነው። የሚያሰጋው ደሙ ነው። ከሰባተኛው እስከ ዐሥራ አራተኛው ቀን ነጩ የደም ሕዋስ ይወርዳል፣ ያን ጊዜ ሰውነቷ በር እንደሌለው ቤት ነው፣ ሰው አይሰብሰብባት፣ አይሳሟት፣ የሚያስለው አይጠጋት። ጠዋት ማታ ሙቀቷን ለኩ፤ ሠላሳ ስምንት ከደረሰ ነገን መጠበቅ የለም፣ ማስታገሻ ሰጥቶ ማየት የለም፣ በዚያው ሰዓት ቅርብ ወዳለው ሆስፒታል ወስዳችሁ በዚህ መድኃኒት ላይ እንዳለች ንገሩ። ይህን ሁሉ በወረቀት ጽፋ ሰጠቻቸው። ሲነሱ ደግሞ ንግሥቴን ለብቻዋ ጠርታ፣ አንቺም ተመርመሪ፣ ሴት ልጅ ካለሽ ለእሷም ንገሪያት አለቻት። ንግሥቴ ደሴ ከሰማችው ሁሉ እንደ እሾኽ የቀረባት ይኸኛው ነው።

ሴት ልጅ አለቻት። ማርያማዊት ትባላለች፣ ኮምቦልቻ ትሠራለች፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ከአጅባር ሽማግሌ ሊመጣላት ነው። የልጁ ወገኖች ነገር የሚያጣሩ ናቸው፤ የእናት አክስት፣ የአባት አጎት በምን ሞተ ብለው የሚጠይቁ። ንግሥቴ "የዘር በሽታ አለባቸው" የሚለውን ቃል ገና ማንም ሳይናገረው በጆሮዋ ስትሰማው ከረመች። ስለዚህ ለወረዳው መዝገብ ቤት ባልደረቦቿ እህቴን ያመማት ጨጓራ ነው አለች። ለማርያማዊት የደም ማነስ ነው አለች። ለአባተ ጭራሽ አልነገረችም። ወለተ ሥላሴ ደብቁልኝ ያለችበት አንድ ቀን የለም፤ ማንም አልጠየቃትም። እናታቸው ስትሞት የአራት ዓመት ልጅ የነበረችውን ንግሥቴን አዝላ ያሳደገች፣ በባሏ በመሪጌታው ቤት ጥግ አስተኝታ ያስተማረች፣ ይቺው ጓዳ የተወሸቀችው ሴት ናት። ንግሥቴ ይህን አልረሳችውም። ባልረሳችው ቁጥር የእህቷን ፊት ማየት እየከበዳት ሄዶ፣ አጥሚቱን ካቀረበች በኋላ የምትሠራው ነገር እንዳላት ሁሉ ትወጣ ጀመር።

ሐሙስና ዓርብ አምስት ስድስት ሴቶች ቀድመው መጡ። ንግሥቴ በር ላይ ቆማ፣ የአባተን ስም አታንሱባት፣ ሲነሳባት ራሷን ትስታለች ብላ በሹክሹክታ አስጠነቀቀቻቸው። አትሳሟት ለማለት ምክንያቱን መናገር ነበረባት፤ ምክንያቱን ከመናገር ይሳሟት ብላ ተወችው። ሴቶቹ ተራ በተራ ገብተው ወለተ ሥላሴን ግራ ቀኝ ሳሟት፣ አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀምጠው ከንፈር መጠጡ። አንዷ ከገባች እስክትወጣ ስታስል ነበር። ወለተ ሥላሴ በአፏ ቁስል ምክንያት ብዙ መናገር ባትችልም ፊቷ በርቶ አመሸ። አራት ወር ሙሉ ሰው ያልጠየቃት ታማሚ ናት። "አየሽ፣ አገሩ ደግ ነው። አንች ነሽ ሰው የማታስጠጊ" አለቻት ለእህቷ፣ እንደ ቀልድ። ንግሥቴ ስኒዎቹን ሰብስባ ወደ ማድ ቤት ሄደችና እዚያ ምንም ሳትሠራ ቆመች።

ዛሬ ጠዋት ብረቱ ሲንኳኳ ወለተ ሥላሴ ምን እንደሆነ ጠየቀች። የጎረቤት ለቅሶ ነው፣ የእኛ ግቢ ሰፋ ስለሚል ነው አለች ንግሥቴ፣ መጋረጃውን እየሳበች። እህቷ ጋቢዋን እስከ አገጯ ስባ፣ ነፍስ ይማር፣ ማን ነው ሟቹ አለች። የማታውቂው ሰው ነው አለቻት። ወለተ ሥላሴ ጥቂት ብርድ ብርድ እንደሚላትም ተናግራ ነበር፤ ንግሥቴ ብርዱ የጓዳው ነው ብላ ሌላ ጋቢ ደረበችላትና ወጣች። ቴርሞሜትሩ ከአልጋው ራስጌ፣ ከወረቀቱ ጋር፣ ብርጭቆ ውስጥ ቆሟል። በየጠዋቱ ስትለካበት የነበረውን ዛሬ ዞር ብላም አላየችው።

አምስት ሰዓት ሲሆን ድንኳኑ ሞላ። ንፍሮው በትሪ ዞረ፣ ዳቦው ተቆረሰ። ሰው ሐዘንተኛዋን ካጽናና በኋላ እንደተለመደው ወደ ኑሮው ገባ፤ የዘይት ዋጋ፣ የከላላ መንገድ፣ የዘንድሮ በልግ መቅረት። ንግሥቴ መሐል ፍራሽ ላይ ተቀምጣ፣ ስለ አባተ በጠየቋት ቁጥር ትንሽ ትንሽ ትጨምራለች። በምን ሞተ ሲሏት በወባ አለች። ልጆች አሉት ሲሏት ሁለት አለች፤ ይኸኛው እንኳ እውነት ነው። አንዲት አሮጊት "እነዚያን የሙት ልጆች እግዜር ያሳድጋቸው" ብለው እንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ ሲጠርጉ፣ ንግሥቴ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት ምንኛ በወደደች። አቶ ይማም ዱዓ አደረጉ፤ ሁሉም መዳፉን ዘርግቶ "አሚን" አለ። ያ ሁሉ አሚን ለአንድ ደህና ሰው ነፍስ ነበር።

ከዱዓው በኋላ ቄስ ቃለ ክርስቶስ ጠጋ አሉና፣ ለነፍሱ ፍትሐት እንዲደረስለት የክርስትና ስሙን ንገሪኝ አሏት። ንግሥቴ ይህን አላሰበችበትም ነበር። የሞት ወሬ ማውራት አንድ ነገር ነው፤ የቁም ሰው የክርስትና ስም ለሙታን ጸሎት አሳልፎ መስጠት ግን ሌላ ነው። ረሳሁት አለች። ቄሱ የወንድምሽን የክርስትና ስም እንዴት ብለው ሊገረሙ ጀምረው፣ ሐዘን ያረሳል ብለው ለራሳቸው መለሱ። "ግድ የለም፣ ታላቅሽ አይጠፋትም" ብለው ተነሡ። ንግሥቴ ተኝታለች እያለች ተከትላቸው እስክትነሣ፣ እግሯ ደንዝዟት ፍራሹ ላይ ስትንገዳገድ፣ ቄሱ ጓዳው በር ደርሰው መጋረጃውን በመስቀላቸው ገለጥ አድርገው ነበር።

"እግዜር ያጽናሽ፣ ልጄ። የሟቹን የአባተን የክርስትና ስም ልጠይቅሽ ብዬ ነው።"

ከውስጥ አልጋው ሲንቋቋ ተሰማ። ከዚያ ወለተ ሥላሴ ወጣች። ሻሽ የላትም፣ ጋቢዋ ከትከሻዋ ወድቋል፣ በባዶ እግሯ ነው። ጥፍሮቿ ከመድኃኒቱ የተነሣ ጠቁረዋል። ድንኳኑን አየች፣ ሰዉን አየች፣ የእህቷን ጥቁር ሻሽ አየች፣ ሁሉም በአንዴ ገባት፤ ያልሆነው ገባት። "አባተዋ! ወንድሜን ነው የደበቃችሁኝ!" አለችና ደረቷን፣ ያንኑ ያበጠውን የታመመውን ደረቷን፣ በሁለት እጇ ትመታው ጀመር። ሴቶቹ ግር ብለው ተነሡ። አንዷ እጇን ያዘች፣ አንዷ አቀፈቻት፣ ሌላዋ አንገቷ ሥር ገብታ አብራ አለቀሰች፣ ያቺ የምታስለዋም ከመሐል አለች። ንግሥቴ ሰዉን እየገፈተረች ደርሳ የእህቷን ክንድ ስትይዘው፣ ክንዱ እሳት ነው።

"ልቀቋት" አለች። ማንም አልሰማትም። "ልቀቋት! አባተ አልሞተም። እኔ ነኝ የዋሸሁት።"

ለቅሶው ወዲያው አልቆመም። ከፊት ያሉት ዝም ሲሉ፣ ከኋላ ያልሰሙት ትንሽ አለቀሱና ጎረቤታቸው ሲጎሽማቸው አቆሙ። ወለተ ሥላሴ ግን ራሷን ነቀነቀች። የታመመ ሰው መርዶ እንደማይነገረው ታውቃለች፤ በዕድሜዋ ስንት ሞት ከስንት በሽተኛ ደብቃለች። ንግሥቴ እውነቱን ስትናገር ውሸት መሰላት።

"እንዳልደነግጥ ብለሽ ነው" አለች፣ ጥርሷ እየተንቀጫቀጨ። "ካልሞተ ደውይና ድምጡን አሰሚኝ።"

ንግሥቴ ስልኳን ከኪሷ አወጣች። ስሙን ለማግኘት ሦስት ጊዜ አልፋው ሄደች። ጮክ አድርጋ ስትከፍተው ጥሪው በድንኳኑ ውስጥ ሁሉ ተሰማ። አንድ ጊዜ ጠራ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። ንግሥቴ በሕይወቷ እንዲህ ጸልያ አታውቅም፤ ያንሣው ብላ ይሁን አያንሣው ብላ እሷም አልለየችም።

"ሄሎ፣ ንግሥቴ" አለ አባተ። ከጀርባው ሬድዮ ይዘፍናል። "ምነው ዛሬ? ፋሲካ ደረሰ እንዴ?"

ንፍሮ የዘገነ እጅ ሁሉ ባለበት ቀረ። ከድንኳኑ ጥግ አንድ ሰው ሳያስበው ሳቀና በሳል አስመሰለው። ወለተ ሥላሴ ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ ወደ ጆሮዋ አስጠጋች። አንተ ነህ አለችው፤ እኔ ነኝ እታለም፣ ምነው ድምጥሽ፣ ደህና አይደለሽም እንዴ አለ። ወለተ ሥላሴ ቀና ብላ የተሰበሰበውን ሰው ተራ በተራ አየችው። ከዚያ ሳትቸኩል፣ የሰፈር ወሬ እንደምታወራ ሁሉ፣ "ታምሜያለሁ። የጡት ካንሰር ነው። መድኃኒት ላይ ነኝ፣ ፀጉሬ ከመድኃኒቱ ነው ያለቀ። አልነገረችህም?" አለችው። ማንም አልነገረኝ አለ አባተ። ሬድዮው ጠፋ። ስልኩን ለንግሥቴ መለሰችላትና አግዳሚው ላይ ቁጭ አለች። ከዚያ ለእህቷ የተናገረችው ዝቅ ባለ ድምፅ ነበር፤ ቢሆንም ያልሰማው የለም።

"የእኔን በሽታ ከመጥራት የሱን ሞት መጥራት ቀለለሽ?"

ንግሥቴ ሰበብ ፈልጋ ልጇን አሰበች፣ ሽማግሌዎቹን አሰበች፤ ሁሉም እዚያ ቆሞ ሲታሰብ እፍኝ አይሞላም። ሮጣ ጓዳ ገባችና ቴርሞሜትሩን ይዛ ወጣች፤ ብብቷ ሥር አድርጋ ያዘችላት። ሠላሳ ስምንት ከዘጠኝ። ከዚያ በኋላ የተናገረችውን ለማን እንደተናገረችው አታስታውስም፤ ሰው አይጠጋት፣ ደሟ ወርዷል፣ ጉንፋንም ይገድላታል፣ አሁኑኑ ሆስፒታል ነው ብላ ለፈለፈች። ይህን ቃል ሐሙስ በር ላይ ብትለው ኖሮ የሚበቃ ቃል ነበር። አቶ ይማም ከዘራቸውን አነሡ። ራቅ በሉ፣ መንገድ ልቀቁ፣ አንዱ ባጃጅ ጥራ አሉ። ሰዉ እየተጣበበ ወደ ሁለቱ ወገን ሸሸ። ሴቶቹ የነጠላቸውን ጫፍ አፋቸው ላይ አደረጉ፤ ያቺ የምታስለዋ ከግቢው ወጥታ አጥሩን ተደግፋ ታለቅስ ነበር።

ባጃጁ በር ላይ ሲቆም ንግሥቴ ከልማዷ የእህቷን ነጠላ አንሥታ ያንን ራስ ልታለብሰው ዘረጋች። ወለተ ሥላሴ እጇን በዝግታ ገፋችው። "ተይው" አለች። ነጠላው መሬት ወደቀ። በዚያ ሁሉ ሰው መሐል ራሷን ተገልጣ፣ ቀጥ ብላ፣ ባጃጁ ውስጥ ገባች።

ሆስፒታል ካርድ ክፍል መስኮቱ ውስጥ ያለው ወጣት ሕመሙ ምን እንደሆነ ጠየቀ። ንግሥቴ ወደ መስኮቱ ጎንበስ ብላ ነገረችው። አልሰማሁም አላት። ከኋላዋ ሰልፍ አለ፤ ሁለቱን ታውቃቸዋለች፣ አንዷ የመሥሪያ ቤቷ ሰው ናት። ቀና አለችና "ካንሰር። የጡት። የካንሰር መድኃኒት ከወሰደች ዐሥር ቀኗ ነው፣ ትኩሳት አላት" አለች ጮክ ብላ። ወጣቱ እስክሪብቶውን ጥሎ ተነሣ። ሰልፉን አቋርጠው አስገቧት፤ ደም ተቀዳ፣ በደም ሥሯ መድኃኒት ተጀመረ፣ ለብቻዋ ክፍል ተሰጣት። ሐኪሙ ንግሥቴ ይዛ የመጣችውን የሲስተር ብርሀንነሽን ወረቀት ሁለት ጊዜ አንብቦ፣ ትኩሳቱ መቼ እንደጀመራት ጠየቀ። ጠዋት ብርድ ብርድ ብሏት ነበር አለች ንግሥቴ። ጠዋት ስንት ሆነ አላት። አልለካሁም አለች። ሐኪሙ ይህንንም ጻፈው። ነገና ከነገ ወዲያ ነው የሚለየው፣ የደም ግፊቷ ግን እስካሁን አልወረደም፣ ጥሩ ነው አለ።

ዐሥር ሰዓት ገደማ ንግሥቴ ውኃ ልትገዛ ወጣች። ከሆስፒታሉ አጥር ውጭ፣ ባሕር ዛፎቹ ሥር፣ ቅሬው ተቀምጧል። ሠላሳ አርባ ሰው ይሆናል፤ በረድፍ፣ እንደ ድንኳኑ። ንግሥቴ በሩ ላይ ቆመች። ቢሰድቧት፣ አንድ ሰው ተነሥቶ ቢተፋባት ትወድ ነበር፤ ለዚያስ ጠዋት ከቤቷ ጀምራ ራሷን አዘጋጅታለች። አቶ ይማም ግን እንዴት ሆኑ ብለው ጠየቁ። መድኃኒት ጀምረውላታል አለች። አልሐምዱሊላህ አሉ። ድንኳኑን በደንቡ የሚያስነሣው የሐዘኑ ባለቤት ነው፣ እናንሣው ወይ አሏት። "አንሡት" አለች፣ ወደ መሬት እያየች። እሺ አሉ። ለለቅሶ ብለን ቀኑን ትተነዋል፣ ለበሽተኛ ብናውለው ምንም አይጎዳን፣ አንጠጋም፣ ከዚህ ሆነን እንጠይቃለን አሉ።

ረምዚያ ከሴቶቹ መሐል ተነሥታ መጣች። እጇ ላይ ያ መሬት የወደቀ ነጠላ አለ፤ አቧራው ተራግፎ፣ በአራት ታጥፎ።

"ቅንድባቸውም እኮ የለም" አለቻት ቀስ ብላ። "ምላጭ ቅንድብ አይነካም። ሕመም እንዳለ ረቡዕ ዕለት ገብቶኝ ነበር። ሞቱን ግን አመንኩሽ። በወንድሟ ሞት ትዋሻለች ብዬ በየት በኩል ልጠርጥርሽ?"

ይህን ስትል ቁጣ የለባትም። ነጠላውን ሰጠቻትና፣ አብሽሪ፣ አላህ ያሽራቸዋል ብላ ወደ ቦታዋ ተመለሰች። ንግሥቴ ነጠላውን ተቀብላ ጥቂት ያዘችው። ከዚያ ፈታችውና፣ ፊቷ ለማንም እንዳይታይ አድርጋ፣ በራሷ ላይ ተከናነበችው።